አምስት ሊትር ጸበል ወደ ቡልቡላ

ደብረ ብርሃን ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። ሰላምታ የሚሰጠኝ ጎረቤት ሁሉ «ቆላው እንዴት ነው?» ይለኛል፤ ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማወራ አንድ ጊዜ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። አብዛኞቻችሁ ወደዚያ እንደማትወርዱ አውቃለሁ። እኛ ሰፈር ከሸኖ ወዲያ ያለው ሁሉ በረሃ ነው የሚባለው፤ እኔም እስከዚያ ሰኞ ድረስ ከእናንተ የተሻለ አላውቅም ነበር።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ሽፈራው ከዝዋይ ወዲያ ቡልቡላ ውስጥ ሽንኩርት እያለማ ይኖራል። ለሥራ ብሎ ሄዶ፣ ጫልቱ የምትባል የአካባቢውን ልጅ አግብቶ እዚያው ቀረ። አምና ሽንኩርቱ በሽታ ገብቶበት ማሳው ላይ በሰበሰ፤ ያ ሳያንሰው ከጋሪ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። አጥንቱ ገጥሟል። ሐኪሙ «ተነሥተህ በምርኩዝ ተለማመድ» ካለው ወራት አልፈዋል፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። አንድ ቀን ጫልቱ ደውላ እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ ዘውዴ፣ እግሩስ ድኗል፤ ልቡ ነው የተሰበረው። እግዚአብሔር ረስቶኛል ይላል። የአገሬን የሚካኤልን ጸበል ባገኝ እነሣ ነበር ይላል፤ ሌላ ወሬ የለውም።»

ያን ጸበል አውቀዋለሁ። በልጅነታችን እናታችን በውርጭ እየነዳች የምታስጠምቀን፣ ከገደል ሥር የሚፈልቅ፣ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ውሃ ነው። ትውልድ መንደራችን ድረስ ሄጄ፣ ገደሉን በስድሳ አራት ዓመት ጉልበቴ ወርጄ፣ በባለ አምስት ሊትር ቢጫ የዘይት ጀሪካን ቀዳሁ። ባለቤቴ ደስታ ቀይ ክር አምጥታ «እጀታው ላይ እሰርበት፤ ቢጫ ጀሪካን በየሰዉ እጅ ነው» አለችኝ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው የገዛ ጀሪካኔ ይጠፋኛል?» ብዬ ክሩን ኪሴ ከተትኩት። ደስታ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል መፍራት እንዳለብኝ እስከ ዛሬ አልተማርኩም።

ሰኞ፦ ከደብረ ብርሃን አዳማ

ማለዳው እንደ ልማዳችን ውርጭ ነበርና ሹራብ፣ በላዩ ኮት፣ በዚያም ላይ ጋቢ ደርቤ ወጣሁ። ጀሪካኑን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አዲስ አበባ ላይ መኪና ቀይሬ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ ወረድን። መንገዱ አይንገጫገጭም፤ የእኛን ኮረኮንች የለመደ ወገብ ግራ ይገባዋል። አጠገቤ የነበረች ሴት «አባባ፣ ዘይት ነው?» አለችኝ። ጸበል መሆኑን ስነግራት አማተበችና እጇን ጀሪካኑ ላይ እንዳሳረፈች እንቅልፍ ወሰዳት። እንዳልቀሰቅሳት ብዬ እስከ አዳማ ድረስ ሳልነቃነቅ ተጓዝኩ።

አዳማ ስወርድ የዳቦ ምድጃ በር የከፈቱብኝ መሰለኝ። ጋቢዬን መናኸሪያው በር ላይ፣ ኮቴን ባጃጅ ውስጥ፣ ሹራቤን ደግሞ የአክስቴ ልጅ የአስካለ ደጃፍ ላይ አወለቅኩ። አስካለ በሩን ስትከፍት የልብስ ክምር ከነጀሪካኑ ቆሞ አየች። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ እሳት ይቀጣጠልለታል፤ እዚያ ፋን አዙረው ፊቱ ላይ ይለቁበታል።

አስካለ ጴንጤ ከሆነች ቆይታለች። ይህን ጉዳይ በቤተሰባችን የምናነሣው ሠርግ ሲያልቅ ብቻ ነው። ባሏ ሲሞት በአንዲት የስፌት መኪና ሦስት ልጆች አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ሴት ናት። «እንዴት ቻልሽው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ቀኑን ለጌታ እሰጠዋለሁ፤ መርፌውን እኔ እይዛለሁ። ሌላ ምን ዘዴ አለ፣ ወንድም ጋሼ?» አለችኝ።

ጥብስ ቀረበ። እጄን ስዘረጋ «እንጸልይ» አለች። ጸሎቱ ከአዳም መፈጠር ተነሥቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ ወደ እኔ ጉዞ ሲደርስ ጥብሱ መጨሱን አቁሞ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ይህ ውሃ ቢደርስም ባይደርስም፣ አንተ ቀድመህ ሽፈራው ቤት ድረስ» ስትል አንድ ዓይኔን ገለጥኩ።

«ባይደርስም ማለት ምን ማለት ነው?»

«አሜን በል ወንድም ጋሼ፤ ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው።»

ተናድጄ በላሁ። ጀሪካኑን ራስጌዬ አድርጌ፣ ፋኑን ወደ ራሴ አዙሬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ አፍንጫዬ ድፍን ብሏል። ዕድሜውን ሙሉ የደብረ ብርሃንን ውርጭ ችሎ አዳማ ላይ ጉንፋን የያዘው ሰው ካለ ብታስተዋውቁኝ ደስ ይለኛል።

ማክሰኞ፦ ከአዳማ መቂ

ወደ ሻሸመኔ በሚወርድ ሚኒባስ ገባሁ። ሾፌሩ ከድር ሃምሳውን የተሻገረ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ የመቂ ሰው ነው። ጋቢና አጠገቡ አስቀመጠኝ። ቀበቶው አልታሰር ሲለኝ መኪና በድንገት ሲቆም ሰው ለምን ወደ ፊት እንደሚወረወር አስረዳሁት። ከዚያ ወዲያ ስሜ ቲቸር ሆነ። ጀሪካኔን ተቀብሎ ከመጨረሻው ወንበር ኋላ አስቀመጠልኝ። እዚያ ሌላ ቢጫ ጀሪካን ነበር። አይቼዋለሁ፤ አላየሁም ብዬ አልዋሽም።

ሞጆ ስንደርስ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ተሰልፈው መንገዱን ሞልተውታል። ተሳፋሪው በሙሉ በአንድ ጊዜ አፍንጫውን በልብሱ ሸፈነ። «ምነው?» አልኩ። «የቆዳው ፋብሪካ አይሸትዎትም?» አለ ከድር። አልሸተተኝም። ሰዉ በቅናት አየኝ፤ ጉንፋኔን ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገንኩት።

ቆቃን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ከመቀመጫዬ ሥር ነጭ እንፋሎት ቡልቅ አለ። ከድር መኪናውን ዳር አስያዘና ሁላችንም ወርደን አንድ ግራር ሥር ተጠለልን። ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ ነበረብን። ሥራ የፈታ ሰው ሰብስቦ የቆመ ጡረተኛ አስተማሪ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ውሃ ለምን እንደሚፈላ፣ እኛ ደጋ ላይ ለምን ቶሎ እንደሚፈላ፣ ራዲያተር ሙቀትን እንዴት እንደሚያስወጣ አስተማርኩ። ዶሮ የታቀፈች አንዲት ሴት ጥያቄ ሁሉ ጠየቀችኝ።

ከድር የጋቢናውን ወንበር አንሥቶ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ከፈተና «ቲቸር፣ ከኋላ ቢጫውን ጀሪካን ያቀብሉኝ» አለ። አቀብዬ ብመለስ ደግ ነበር። ራሴ ፈታሁት፤ ራሴ ገለበጥኩት። «አየር መውጫ ስለሚፈልግ ቀስ ተብሎ ነው የሚፈሰው» እያልኩ ለተማሪዎቼ አሳየሁ። መኪናዋ ጉርጉር እያደረገች ጠጣች። ከድር «ማሻላህ፣ እጅዎ ረጋ ያለ ነው» ሲለኝ ደረቴን ነፋሁ፤ ባዶውን ጀሪካን ወደ ኋላ ወረወርኩት።

መቂ ስንደርስ ከድር የራዲያተሩን ማራገቢያ የሚያዞረው ቺንጋ ሊበጠስ መድረሱን አየና ተሳፋሪውን በሌላ መኪና አሳፍሮ የእሱን ጋራዥ አስገባ። እኔን ግን ሲያስነጥሰኝ ሰምቶ «እርስዎ ዛሬ የትም አይሄዱም፤ የኔ እንግዳ ነዎት» ብሎ ጀሪካኔን ራሱ ተሸክሞ ቤቱ ወሰደኝ። በየመንገዱ ቲማቲም በሣጥን በሣጥን ተከምሮ ደላሎቹ ይጯጯሃሉ። እኛ ሰፈር ቲማቲም በቁጥር ነው የሚገዛው፤ እዚያ በጎማ ሥር ሲፈርጥ ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

የከድር ሚስት ፋጡማ በሩ ላይ ተቀበለችን። «ሥጋችንን እንደማይበሉልን አውቃለሁ፤ ዕንቁላል በቲማቲም ሠርቻለሁ፣ ድስቱም አዲስ ነው» አለችኝ። አዲሱን ድስት ከጎረቤት ተውሳ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። በልቼ ስጨርስ ፋጡማ ጥግ ወዳስቀመጥኩት ጀሪካን ጎንበስ ብላ አሸተተች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ ነገር ናፍጣ ናፍጣ ይላል።»

«ጸበል ናፍጣ አይሸትም» አልኳት በአስተማሪ ድምፅ።

ከፈተችው። በድፍን አፍንጫዬ ባይሸተኝም በዓይኔ አየሁት፤ ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ ነበር። ከድር ኮፍያውን አወለቀ።

«አላህ ይቅር ይበለኝ! መኪናዬ ጠጣችው?»

«እኔ ነኝ ያጠጣኋት» አልኩ።

ከድር ተነሥቶ ጫማውን አደረገ። «ጋራዥ ሄጄ ከራዲያተሩ ላስቀዳው፣ በንጹሕ ነጠላ እናጠልለዋለን» አለ። ከልቡ ነው። አይሆንም ብዬ አስቀረሁት፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ሆድ ባሰኝ። ሽፈራው፣ ግድግዳው፣ «ባገኝ እነሣ ነበር» ያለው ሁሉ ፊቴ ላይ ተደቀነ። ከድር ጥቂት አሰበና ከቁም ሣጥኑ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። እናቱ ከመካ ያመጣችለት፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው የዘምዘም ውሃ ነው።

«ምን እንደጠፋብዎ ይገባኛል ቲቸር። ይሄንን ይውሰዱ» አለኝ።

እጁን ከነጠርሙሱ በሁለት እጄ ያዝኩ። ወደ ቦታው እንዲመልሰው ለመንኩት። በሕይወቴ ከተሰጡኝ ስጦታዎች ሁሉ የሚበልጠው ያልወሰድኩት እሱ ነው።

ረቡዕ፦ ከመቂ ባቱ፣ ከባቱ ቡልቡላ

ከድር ስልክ ቁጥሬን ተቀብሎ፣ የወንድሜን ቤት ጠይቆ፣ ወደ ባቱ በሚሄድ መኪና አሳፈረኝ። ባቱ እኛ አሮጌዎቹ ዝዋይ የምንለው ነው። ሐይቁ ዳር ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ስላለው እንደ ሰው ተነፈስኩ። ምሳ ቤት ስገባ አስተናጋጇ «የጾም ዓሣ አለን» አለችኝ።

«ልጄ፣ ዓሣ እንዴት ነው የጾም የሚሆነው? ደም አለው እኮ!»

«እዚህ ብዙ ሰው ይበላዋል፣ አባባ።»

«ብዙ ሰው ስለ በላው ጾም አይሆንም» ብዬ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ዓሣውን በልቶ አጥንት እስኪያስቀር ተከራክሬ ሽሮ አዘዝኩ። በጽናቴ ኮርቼ በላሁ። እጄን ልታጠብ ወደ ቧንቧው ስሄድ ውሃው ጥርት ብሎ ይወርዳል። ከቧንቧው ባሻገር ያለው ሱቅ ደግሞ ቢጫ ጀሪካኖች በገመድ አንጠልጥሏል።

የሆነውን በአጭሩ ልናገር፤ ስጽፈውም ያሳፍረኛል። ሽፈራው ከየት እንደ ተቀዳ በምን ያውቃል? ዋናው እምነቱ ነው፤ ለእሱ ስል ነው የማደርገው፤ እያልኩ ራሴን በራሴ ድምፅ አስተማርኩት። ጀሪካን ገዛሁ፣ አጠብኩ፣ ሞላሁ። ከዚያም ከኪሴ የደስታን ቀይ ክር አውጥቼ እጀታው ላይ አሰርኩ። አንድ አባ ኮዳ፣ ያ መላጣ ትልቅ ወፍ፣ ከአጥሩ ላይ ሆኖ እንደ ንስሐ አባት ትክ ብሎ ያየኛል። ለዓሣ ደም የተከራከርኩት ጿሚ ከሩብ ሰዓት በኋላ የባቱን ቧንቧ ሚካኤል አልኩት።

ቡልቡላ አስፋልቱ ላይ ጫልቱ እየጠበቀችኝ ነበር። ቤታቸው ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ነው። በልማዴ እርምጃ ስለምቆጥር ከአስፋልቱ እስከ በሩ መቶ አሥራ ስምንት አገኘሁ። ሽፈራው ከስቶ አልጋው ላይ እንደ ልብስ ተጣጥፏል። «ወንድሜ!» ስለው አልዞረም። ጀሪካኑን መሬት ሳስቀምጠው ድምፁን ሰምቶ ዞረና ቀይ ክሩን አየ።

«የእትዬ ደስታ ክር ነው። እሷ መቼም ጥንቁቅ ናት» አለ።

ሳል ያዘኝ። «ነገ ጠዋት በባዶ ሆዴ እጠጣና እነሣለሁ» ሲል ጫልቱ እልል ልትል ዳድቷት አፏን ያዘች። ራት ሽሮ ነበር። ምን ምን እንደሚል አላስታውስም።

ሐሙስ፦ ቡልቡላ

በማለዳ ጫልቱ ብርጭቆ አጥባ አመጣች። ሽፈራው ፊቱን ታጥቦ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ ጫልቱ ይህን ካየች ወራት አልፏታል። ጀሪካኑን ሳመው። «ሚካኤል ሆይ፣ አምላኬ ረሳኝ ብዬ አጉረምርሜያለሁ፤ ማረኝ በልልኝ» ብሎ ብርጭቆውን ወደ ከንፈሩ ሲያደርስ እጄ ከእኔ ቀድማ ዘለለች። ነጠቅኩት። ግማሹ ጋቢው ላይ ፈሰሰ።

«አትጠጣው! የቧንቧ ነው! የባቱ የቧንቧ ውሃ ነው!»

ሁሉንም ነገርኩት። ክሩን፣ ሁለቱን ጀሪካኖች፣ ቆቃ ማዶ የሰጠሁትን ትምህርት፣ ናፍጣውን፣ ዘምዘሙን፣ ዓሣውን፣ አባ ኮዳውን። ስጨርስ ሽፈራው ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጫልቱ «ጋሼ ዘውዴ፣ ምን አደረጉኝ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከግድግዳው በኩል ድምፅ ወጣ። ሳቅ ነበር።

«እያስተማርክ?» አለ ትንፋሽ አጥሮት። «የእናታችንን ጸበል... ለሚኒባስ... ቆመህ እያስተማርክ?»

«የሚሰሙኝ ሰዎች ነበሩ» አልኩ።

በዚህ ጊዜ ጫልቱም መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ሽፈራው እንባውን በጋቢው ጠርጎ ወደ እኔ ዞረ።

«ገደሉን ራስህ ወረድክ?»

«ወረድኩ።»

«በዚያ ጉልበትህ?»

«በዚህ ጉልበቴ።»

«ሰውዬው የእናቱን ዘምዘም ሊሰጥህ አወጣ?»

«አወጣ።»

«አስካለም ጸልያለች አልክ?»

«ጥብሱ እስኪቀዘቅዝ።»

በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። «ይሄ ሁሉ ሰው በየመንገዱ ስለ እኔ ሲራወጥ፣ እኔ እዚህ ተኝቼ እግዚአብሔር ረሳኝ እል ነበር» አለ።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። ከድር ነው። መኪናዋን ትናንት ከጋራዥ አውጥቶ ሲሠራባት ውሎ፣ ዛሬ ጠዋት ባዶውን ጀሪካን ሊሞላ ሲያነሣ እጀታው ውስጥ ውሃ ሲንቦጫቦጭ ሰማ። እጀታው ውስጡ ክፍት ነው፤ ስገለብጠው እዚያ የገባው አልወጣም። አንድ ስኒ ያህል ይሆናል። ይህን ከማንም በፊት ማወቅ የነበረበት የፊዚክስ አስተማሪ እኔ ነኝ። ከድር ግን ጠብታ ሳይጨምርበት ከድኖ ይዞታል።

«ሻሸመኔ እየወረድኩ ነው ቲቸር፤ ሰው ጭኛለሁና መግባት አልችልም። አስፋልቱ ላይ ይጠብቁኝ።»

ጫማዬን ሳነሣ ሽፈራው «ቆይ» አለኝ። «ጫልቱ፣ ምርኩዙን አቀብዪኝ። ያቺን መኪና በዓይኔ ማየት አለብኝ።»

ጫልቱና እኔ ተያየን፤ እሷ ምርኩዙን አቀበለችው። ተነሣ። በግራ ጫልቱ፣ በቀኝ እኔ ሆነን ልንደግፈው ስንል በክርኑ ገፋን። በሩን አለፈ። አርባ ላይ ቆሞ ተነፈሰ፤ ላቡ በአገጩ ይወርዳል። ሰባ ላይ የወፍጮ ቤቱ ሰዎች ዱቄታቸውን እያራገፉ ወጥተው «ሽፌ ተነሣ!» ተባባሉ። አንዱ በኦሮምኛ እያመሰገነ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። እኔ በልቤ እቆጥራለሁ።

ከድር ጡሩንባውን እየነፋ መጥቶ ቆመ። በመንገድ ላይ ታሪኩን ነግሯቸው ኖሮ ተሳፋሪዎቹ በሙሉ ወረዱ። ሽፈራው መኪናዋን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «እንዴት ነሽ?» አላት።

«ከማክሰኞ ወዲህ አንድም ቀን አልፈላችም!» አለ ከድር።

«ቺንጋ ስለ ቀየርክላት ነው» አልኩ።

«ጋሼ፣ ዝም በል» አለኝ ሽፈራው።

ከድር ጀሪካኑን በሁለት እጁ አቅርቦ በጫልቱ ብርጭቆ ላይ ቀስ እያለ አንጠፈጠፈው። ግማሽ እንኳ አልሞላም። ሽፈራው ተቀብሎ አማተበ፤ ወደ አፉ ሊያስጠጋው ሲል እጁ ቆመ። ወደ ኋላው ዞሮ ወፍጮ ቤቱን፣ ከወፍጮ ቤቱ ኋላ የራሱን በር አየ። ከዚያ እግሩን አየ።

«ስንት እርምጃ ነው?» አለኝ፤ እንደምቆጥር ያውቃል።

«መቶ አሥራ ስምንት።»

ብርጭቆውን እንደ ያዘ ትክ ብሎ ተመለከተኝ።

«ጋሼ፣ ገና እኮ አልጠጣሁም።»

አስካለ «ባይደርስም» ያለችው ያን ጊዜ ገባኝ። ሁሉን ነገር ለማስረዳት የማይሰንፈው አፌ ተያዘ፤ አስፋልቱ መሀል ቆሜ አለቀስኩ። ከድርም የመኪናውን መስታወት ይጠርግ ጀመር። ሽፈራው ጸበሉን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣና ብርጭቆውን ለጫልቱ ሰጣት። ከዚያ ምርኩዙን አስተካክሎ ወደ ቤቱ ዞረ። እኔ ገና እንባዬን ስጠርግ ስለ ነበር ቀድሞኝ ገባ።